ስንት ሱቅ ይበቃናል?

(በማኅበራችን የአሥረኛ ዓመት ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



 አዘጋጅ ኮሚቴው ስለ ሱቅ እንድናገር ሲጋብዘኝ ለምን እኔን እንደመረጠ አልጠየቅሁም። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ከእኔ የተሻሉ ነጋዴዎች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። ነግዶ የከሰረና ስለ ኪሳራው ለመናገር የማያፍር ሰው ግን እንደ ልብ አይገኝም፤ ምክንያቱ ይኸው ይመስለኛል።

የተሰበሰብንበት ጉዳይ ይታወቃል። ባለፉት አሥር ዓመታት በወርኃዊ መዋጮ፣ በእራት ግብዣና በሎተሪ ሳንቲም በሳንቲም ያጠራቀምነው የሕንፃ ገንዘብ አለ። የሥራ አመራር ኮሚቴው በዚህ ገንዘብ ቀብድ ከፍለን፣ የቀረውን ከባንክ ተበድረን፣ አውሮራ ውስጥ ስድስት ሱቆች ያሉትን አንድ ፕላዛ እንድንገዛ ሐሳብ አቅርቧል። አንዱን ለጽሕፈት ቤትና ለልጆቻችን የአማርኛ ትምህርት እንይዛለን፤ አምስቱን ለአባሎቻችን እናከራያለን፤ ኪራዩ የባንኩን ዕዳ ይከፍላል ነው ነገሩ። ሐሳቡ ሲሰሙት ይጣፍጣል። እኔም እጄን ለማውጣት ተቃርቤ ነበር። አንድ ጥያቄ ግን ያዘኝ፤ እነዚያ አምስት ሱቆች የሚሸጡት ለማን ነው? ተከራይ ኪራይ የሚከፍለን እሱ ገዥ ሲያገኝ ነው። ገዥ ሲጠፋ ተከራዩም ይጠፋል፤ ባንኩ ግን አይጠፋም።

ከራሴው ልጀምር። ሱቄን የከፈትሁት ለዓመታት ታክሲ ነድቼ ባጠራቀምሁት ገንዘብ ነበር። ለእናቴ ስልክ ደውዬ «ግሮሰሪ ከፈትሁ» ብላት «መጠጥ ቤት? አንተ ልጅ፣ ምን ነካህ?» አለችኝ፤ ግሮሰሪ አገር ቤት ምን ማለት እንደሆነ ረስቼው! እሷን ለማስረዳት የፈጀሁትን ያህል ጊዜ ገበያውን ለማጥናት አልፈጀሁም። አጠናሁ ያልሁትም ይህን ነበር፤ በፋሲካ ዋዜማ አንድ ወዳጄ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ሰው ቆጠርሁ። ዶሮው፣ ቅቤው፣ እንቁላሉ፣ እንጀራው በካርቶን ይወጣል፤ ሰልፉ ከበር አልፎ መኪና ማቆሚያው ደርሷል። «ይህ ሁሉ ሰው የት ነበረ?» አልሁና ወጥቼ ቤት መፈለግ ጀመርሁ።

ያላሰብሁት ነገር የፋሲካ ዋዜማ በዓመት አንድ ቀን ብቻ መሆኑን ነው። በሌላው ጊዜ ያው ሰው ዘይቱን፣ ሽንኩርቱን፣ ሩዙንና ስኳሩን ከኮስኮ በጅምላ ይገዛል። እኔ ዘንድ የሚመጣው በርበሬ ሲያልቅበት ነው፤ እናቱ ከአገር ቤት በሰው ከላከችለት እሱንም አይፈልግም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ሥጋው 55 ቀን ሙሉ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስተዛዝበኛል። ይህም ሆኖ ለመኖር ያህል እየሠራሁ ሳለ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ በአካባቢዬ ሦስት ሱቆች ተከፈቱ። የሦስተኛው ባለቤት የልጄ የክርስትና አባት ነበር። ሳይነግረኝ ነው የከፈተው፤ ቢነግረኝ እንደምቀየም ፈርቶ ኖሯል። ለረጅም ጊዜ ሰላምታ ተነፋፍገን ቆየን። ዛሬ ታርቀናል፤ ደግሞም እሱን አልወቅስም፤ እንደ እኔው የፋሲካ ዋዜማን ቆጥሮ ነው የገባው።

በ14ኛው ወር ዘጋሁ። የኪራዩ ውል የአምስት ዓመት ነበር። በግሌ ዋስ ሆኜ ፈርሜአለሁ፤ ከኪራዩ በላይ የሕንፃውን ግብር፣ ኢንሹራንስና የበረዶ መጥረጊያውን ድርሻ የምከፍለው እኔ ነበርሁ፤ ይህን ዓይነቱን ውል «ትሪፕል ኔት» ይሉታል። ቁልፉን ባስረክብም ዕዳው አብሮ አልተረከበም። ከባለ ሕንፃው ጋር በጠበቃ ተደራድሬ ለመውጣት የፈጀብኝ ገንዘብ ልጄን ሁለት ዓመት ኮሌጅ ያስተምርልኝ ነበር።

እንግዲህ ወደ ሒሳቡ። አሁን የምጠራቸው ቁጥሮች ለስሌት ምሳሌ ብቻ የወሰድኋቸው ናቸው፤ እውነተኛውን ቁጥር ቆጥረን ማምጣት ያለብን እኛው ነን። አንድ ፕላዛ በቀላሉ የሚደርሱበት 2,000 ቤተ ሰቦች አሉ እንበል። እያንዳንዱ ቤት በወር 100 ዶላር በአበሻ ሱቅ ያወጣል እንበል። ልብ በሉ፤ ለምግብ በጠቅላላው የሚያወጣውን አይደለም የምለው፤ ከኮስኮና ከሌሎቹ ተርፎ እኛ ዘንድ የሚደርሰውን ነው። በወር 200,000 ዶላር መሆኑ ነው። በጣም ብዙ ይመስላል።

አሁን ደግሞ በሱቁ በኩል እንየው። ኪራይ ከነተጨማሪው 4,000፤ መብራት፣ ኢንሹራንስና ልዩ ልዩ 1,500፤ አንድ ሠራተኛ 3,000፤ ባለቤቱ ራሱ ቤቱን የሚያስተዳድርበት 4,000፤ ጠቅላላው 12,500 ዶላር። ከ100 ዶላር ሽያጭ 25 ዶላር ትርፍ ቢተርፈው፣ ይህን ወጪ ለመሸፈን በወር 50,000 ዶላር መሸጥ አለበት። 200,000 ለ50,000 ሲካፈል አራት ነው። ገበያው አራት ሱቅ ይቀልባል ማለት ነው። ስምንት ሱቅ ከተከፈተስ? እያንዳንዱ 25,000 ይሸጣል፤ ትርፉ 6,250 ይሆናል፤ ኪራዩንና ልዩ ልዩውን ከፍሎ በእጁ 750 ዶላር ይቀረዋል። ሠራተኛው ይሰናበታል፤ ሚስት ከሥራዋ መልስ ሚዛን ላይ ትቆማለች፤ ልጅ የቤት ሥራውን ጤፍ ከረጢት ላይ ይሠራል፤ ክሬዲት ካርዱ ይሞላል። ሱቁ ከውጪ ሲታይ ግን ክፍት ነው! አላፊ አግዳሚው «አበሻ በሥራ ላይ ነው» ይላል። ዘጠነኛውም ያንን አይቶ ይከፍታል።

ይህን ስናገር አንድ የተከበሩ አባት ከዚህ ቀደም የሰጡኝ መልስ አለ። «መርካቶ ሂድ፤ ሸማ ተራ ያለው ሁሉ ሸማ ነው የሚሸጠው፤ አንዱ ሌላውን አከሰረው?» አሉኝ። ጥሩ ጥያቄ ስለሆነ ዝም ብዬ አላልፈውም። ጣሊያን በወረራው ዘመን የአዲስ አበባን ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ወደ ምዕራብ አዛውሮ መርካቶን ሲተክል ነጋዴው ተከትሎ ሄደ፤ ተራ በተራም ተሰበሰበ። ነገር ግን ሸማ ተራ የሚገዛው የመርካቶ ነዋሪ ብቻ አይደለም፤ ከጎጃምም፣ ከወለጋም፣ ከሐረርም ለችርቻሮ የሚያከፋፍል ነጋዴ ይመጣል። አንድ ዓይነት ዕቃ አንድ ቦታ መሰብሰቡ ገዥን ከሩቅ ይስባል። ዊልያም ራይሊ የሚባል አሜሪካዊ በ1931 (ዘመኑን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ይህንኑ በቀመር ጽፎታል፤ ትልቅ ገበያ ሰውን ከሩቅ ይስባል፣ ርቀት ሲጨምር ግን ጉልበቱ ይደክማል። እዚህ አውሮራ ኤች ማርት የተባለውን የኮሪያውያን መደብር ተመልከቱ፤ ኮሪያዊው ብቻ ሳይሆን ቬትናሙም፣ ፈረንጁም፣ እኛም እንሄዳለን። የእኛ ሱቅ ግን የሚሸጠው ለእኛው ነው። አራት ሆነን ብንሰበሰብም ስምንት ሆነን ብንሰበሰብም ያንኑ ሰው ነው የምንከፋፈለው።

ምግብ ቤት ከዚህ የተለየ መሆኑን መናገር አለብኝ። ክትፎውንና የጾም በያይነቱን ብሎ ከዴንቨር ማዶ የሚመጣ ፈረንጅ አለ። ሃቫና ጎዳና ላይ ያሉ ነጋዴዎች በ2007 የንግድ ማሻሻያ ቀበሌ አቋቁመው ጎዳናውን በልዩ ልዩ አገር ምግቦች ሲያስተዋውቁ ቆይተዋል፤ ከዚህ የእኛም ቤቶች ተጠቅመዋል። ከውጪ የሚመጣ ዶላርና ከአንዳችን ኪስ ወደ ሌላችን የሚዞር ዶላር በሒሳቡ አንድ አይደሉም።

ሁለተኛው የሚሳሳቱበት ነገር ባዶ ሱቅ ነው። ኮሚቴው ያየው ፕላዛ ዋጋው ረከስ ያለው ከስድስቱ ሦስቱ ባዶ ስለሆኑ ነው። «እኛ እንሞላቸዋለን» ተባለ። ከመሙላታችን በፊት ለምን ባዶ እንደሆኑ እንጠይቅ።

የአውሮራን ታሪክ ያየ ሰው የዚህች ከተማ ማዕከል እግር እንዳለው ይረዳል። ዶናልድ ፍሌቸር የተባለ የዴንቨር የመሬት ነጋዴ በ1891 ከተማዋን ሲቆረቁር ስሟ ፍሌቸር ነበር፤ አውሮራ የተባለችው በ1907 ነው። የንግድ ማዕከሏ ምሥራቅ ኮልፋክስ ነበር። ኮልፋክስ የአውራ ጎዳና ቁጥር 40 መንገድ ስለነበር መንገደኛ ሁሉ በዚያ ያልፋል፤ በአንድ በኩል ፊትዝሲሞንስ የጦር ሠራዊት ሆስፒታል፣ በሌላው በኩል የሎውሪ አየር ኃይል ሰፈር ደመወዝተኛ ያፈስሱለት ነበር። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በ1955 ልባቸውን ታመው የተኙት በዚያው በፊትዝሲሞንስ ነው። ኋላ ግን ኢንተርስቴት 70 መንገደኛውን ወሰደው። በ1975 የተከፈተው አውሮራ ሞል ገበያተኛውን ወደ ምሥራቅ ሳበው። ሎውሪ በ1994፣ የጦሩ ሆስፒታል በ1999 ተዘጉ። በ2005 ደግሞ ሳውዝላንድስ ከከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ ተከፍቶ ገንዘቡ እንደገና ራቀ። ኮልፋክስ ላይ ሱቆች ባዶ የሆኑት ሱቅ ስላነሰ አልነበረም፤ ገዥው ስለሄደ ነው። ሞሎቹም ራሳቸው ከዚህ አላመለጡም። ሃቫና ላይ በ1971 የተከፈተው ቡኪንግሃም ስኩዌር ፈርሶ ዛሬ በቦታው ሌላ የገበያ ሥፍራ ቆሟል።

ይህን ስል ገዥ አይመለስም ማለቴ አይደለም። በጦሩ ሆስፒታል ቦታ የአንሹትስ የሕክምና ግቢ ተተክቷል። የሕፃናት ሆስፒታሉ በ2007 ወደዚያ ተዛወረ፤ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል በ2018 ተከፈተ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ በነርስነት፣ በረዳትነት፣ በጽዳትና በመኪና ጥበቃ እዚያ የምትሠሩ ብዙዎች ናችሁ። ደመወዙ ተመልሷል፤ የሚወጣበት ሰዓትና የሚፈልገው ዕቃ ግን ከድሮው ይለያል። ከሌሊቱ ፈረቃ ማለዳ የምትወጣ እኅት በዚያ ሰዓት የምትፈልገው በርበሬ ሳይሆን ትኩስ ፍርፍርና ልጇን የምታውልበት ቦታ ነው። በኮልፋክስ ላይ ደግሞ በ2024 የፈጣን አውቶቡስ መስመር ግንባታ ተጀምሯል፤ ሲያልቅ መንገደኛ ይመልስ ይሆናል፣ እስኪያልቅ ግን በሩ ፊት የተቆፈረበት ነጋዴ ኪራይ መክፈሉን አያቆምም።

እስካሁን የተናገርሁት «አትክፈቱ» የሚል ብቻ ከመሰላችሁ በደልኋችሁ። የራሳችንን የታክሲ ታሪክ እናስታውስ። በኮሎራዶ አዲስ የታክሲ ኩባንያ ለማቋቋም የሚፈልግ ሁሉ የሕዝብ ፍላጎት መኖሩን ለስቴቱ ኮሚሽን ማስረዳት ነበረበት፤ ነባሮቹ ኩባንያዎች ቀርበው «በቂ ነን፤ ሌላ አያስፈልግም» ይላሉ። በዚህ ምክንያት ከ1947 ጀምሮ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ዴንቨር አዲስ ኩባንያ አላየችም። በ1992 ሊሮይ ጆንስና ሦስት ባልንጀሮቹ አመለከቱ፤ ከሦስቱ አንዱ የእኛው አገር ሰው ነበር። ኮሚሽኑ ከለከላቸው። ፌዴራል ፍርድ ቤት ሄዱ፤ በ1994 ሕጉ ተሻሻለ፤ በ1995 ፍሪደም ካብስ ሥራ ጀመረ። በ2008 ሌላ ሕግ ወጥቶ የማስረዳቱን ሸክም ከአመልካቹ ወደ ተቃዋሚው አዛወረው፤ በ2009 ዩኒየን ታክሲ የሾፌሮቹ የራሳቸው የኅብረት ሥራ ማኅበር ሆኖ በ262 አባላት ተነሣ። በአባላቱ ዘንድ አማርኛ የሚናገረው ሰው ብዛት ለእናንተ የሚነገር አይደለም።

እንግዲህ እዚያ «ፍላጎት የለም» ይሉ የነበሩት ነባሮቹ ነበሩ፤ ነባር ነጋዴ ሁልጊዜ «በቂ ነው» ይላል። እኔም ሱቄ ክፍት ሳለ የክርስትና አባቱን ቢያማክረኝ ኖሮ «በቂ ነው» ነበር የምለው። ስለዚህ ቆጠራውን ለነባር ባለ ሱቆች ብቻ አንተወውም፤ ለአዲሱ አመልካችም፣ ሱቁን ለሚያሻሽጠው ደላላም እንደዚሁ። የታክሲው ነገር ሌላም ትምህርት አለው። በ2014 ኮሎራዶ በስልክ የሚጠሩ መኪኖችን በሕግ ፈቀደች፤ ግሪን ታክሲ በ2016 በ800 አባላት ሲቋቋም ገበያው ከእግሩ ሥር ይንሸራተት ነበር። የዛሬው ቆጠራ ለዛሬ ነው፤ የአሥራ አምስት ዓመት ዕዳ የሚገባ ሰው ደጋግሞ መቁጠር አለበት።

ለታክሲ መንግሥት ይጠይቅ ነበር፤ ለሱቅ ግን ማንም አይጠይቅም። በእንግሊዝ አገር ከከተማ ማዕከል ውጭ ትልቅ የገበያ አዳራሽ የሚሠራ ሰው ፍላጎት መኖሩን በአኃዝ እንዲያሳይ ለዓመታት ይገደድ ነበር፤ ግዴታው በ2009 ቢነሣም በማዕከሉ ሱቆች ላይ የሚደርሰው ጉዳት ዛሬም ይመረመራል። እዚህ ግን ቦታው ለንግድ የተፈቀደ ከሆነ፣ ፈቃድህን አውጥተህ ግብርህን ከከፈልህ ክፈት ነው። ባለ ሕንፃው የሚያየው የባንክ ሒሳብህንና ፊርማህን ነው። ጠያቂ ከሌለ ጠያቂዎቹ ራሳችን መሆናችን ነው።

የ2020 የሕዝብ ቆጠራ የአውሮራን ነዋሪ 386,261 ብሎታል። የእኛን ቁጥር በተመለከተ ግን እያንዳንዳችን የምንወደውን ቁጥር ነው የምንጠራው፤ ለእርዳታ ስንጠይቅ ይበዛል፣ ለመዋጮ ስንጠራ ያንሳል። ለሱቅ የሚያስፈልገን የሰው ብዛት ብቻ አይደለም። የት ይኖራል? በመኪና ስንት ደቂቃ ይነዳል? በወር ስንት ያወጣል? ከዚህስ ውስጥ ስንቱ እኛ ዘንድ ይቀራል? ያጣውንስ ዕቃ ወይም አገልግሎት ፍለጋ የት ድረስ ይሄዳል?

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ድምፅ መስጠቱን ለሦስት ወር እናቆየው። ሻጩ ካልጠበቀን አይጠብቅ፤ ባዶ ሱቅ ያለው ፕላዛ አውሮራ ውስጥ አይጠፋም። በዚህ ጊዜ ፈቃደኛ የሆነ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ የአንድ ወር የምግብና የቤት ዕቃ ደረሰኙን በፖስታ እያጠራቀመ ያምጣ፤ ስም አይጻፍበትም፣ የሰፈሩ የፖስታ ቁጥር ብቻ ይጻፍበት። ከደረሰኙ ለኮስኮ የሄደውንና ለእኛ የቀረውን እናያለን። በፕላዛው አካባቢ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ሳይሆን ተራ ማክሰኞም፣ በጾምም በፍስክም፣ በሩን የሚገባውን ሰው እንቁጠር፤ ማቆሚያው ስንት መኪና እንደሚይዝም ጭምር። እዚህ ያላችሁ ባለ ሱቆች ወርኃዊ ሽያጫችሁን ለሒሳብ ሹማችን ብቻ በምስጢር እንድትነግሩልን እለምናለሁ። ከበደን ትላላችሁ፤ አውቃለሁ። እኔ ኪሳራዬን በአደባባይ ነግሬአችኋለሁ።

የእኔን ግምት ትጠይቁኝ ይሆናል። ቆጠራው ሲያልቅ አንድም ተጨማሪ የአበሻ ግሮሰሪ አያስፈልገንም የሚል ውጤት ይመጣል ብዬ እገምታለሁ። ከአምስቱ ሁለቱ ወይም ሦስቱ የሌላውም ሕዝብ ገዥ የሚገባባቸው ቤቶች ቢሆኑ፣ አንዱ የሕፃናት ማዋያ ቢሆን፣ ተከራዩም የግድ አባላችን ባይሆን ደስ ይለኛል። የቬትናም ፀጉር አስተካካይ ኪራዩን በወቅቱ ከከፈለ የአማርኛ ትምህርት ቤቱ መብራት ይበራል። ግምቴ ሊሳሳት ይችላል፤ አንድ ጊዜ በፋሲካ ዋዜማ ተሳስቻለሁ።

ፖስታዎቹ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ለማክሰኞው ቆጠራ ስድስት ሰው ያስፈልጋል፤ እኔንና የልጄን የክርስትና አባት ጨምሮ እስካሁን አራት ተመዝግበናል።